እግርና ወንበር፤ ከጎንደር ታሪክ የተገኘ ምክር

(ሰሞኑን በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንዲት አጭር ጥያቄ ናት። የጠየቁኝም ሊቅ ወይም ሐኪም አይደሉም፤ አማቴ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዕረፍት ፈቃድ ወስጄ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ወደ ጎንደር ሄደን ነበር። አማቴም የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ከደባርቅ ወርደው እዚያው ተቀበሉን። በማግሥቱ ጧት፥ እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሩት ወደ ደብረ ፀሐይ ቍስቋም በእግር እንድንወጣ አሳብ አቀረቡ። እኛም በደስታ ተነሣን።

ዳገቱን ሳንጋምስ ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ፥ ጕልበቴም ይብረከረክ ጀመር። ከመንገድ ዳር ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥሁ። ልጆቹ እየተሯሯጡ ቀድመውናል። ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው አማቴ ነጠላቸውን አደግድገው፥ ምርኩዝ እንኳ ሳይዙ፥ እፊት እፊት ይሄዱ ነበርና ዞር ብለው አዩኝ። «ልጄ፥ ምነው? አመመህ እንዴ?» አሉኝ። «አላመመኝም እማማ፤ ደክሞኝ ነው» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ምን ሠርተህ ደከምህ?» ብለው ጠየቁኝ።

አድማጮቼ፥ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ዕድሜዬ በዚያን ጊዜ 34 ዓመት ነበረ። ጧት ከቤት ወደ አውቶቡስ፥ ከአውቶቡስ ወደ ቢሮ ወንበር፥ ከወንበር ወደ ማይክሮፎን ፊት፥ ማታም ከቤቴ ወንበር ወደ አልጋ እሄዳለሁ እንጂ፥ ሰውነቴን የሚያደክም ሥራ ሠርቼ አላውቅም። የደከምሁት በሥራ ሳይሆን በመቀመጥ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጎንደርና ስለ ደጋው ሕዝብ ያነበብሁትን ሁሉ በሌላ ዐይን ስመለከተው፥ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ይኸውም፥ አባቶቻችንና እናቶቻችን እግራቸውን የሚያጠነክሩበት የተለየ ሰዓት ያልነበራቸው፥ መላ ኑሯቸው በእግር የሚኖር ስለ ነበረ ነው። እኛ ግን ኑሮውን ወደ ወንበር ካዛወርነው በኋላ፥ እግርን ከቤተ ሰብ ኑሮ ውጭ ያለ ትርፍ ነገር አድርገነዋል።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ከማድረጋቸው በፊት፥ ለብዙ ዘመን የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን ነበረ። ሠራዊቱ፥ ካህኑ፥ ነጋዴው፥ እንጀራ ጋጋሪዋና ጠጅ ጣይዋ ሳይቀሩ ንጉሡን ተከትለው ካንዱ አገር ወዳንዱ አገር ይጓዙ ነበር። ጎንደር ከተቈረቈረች በኋላ ሰፈሩ ረጋ፤ እግሩ ግን አላረፈም። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፥ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተቀመጠች ናት። ስለዚህ ውሃ ለመቅዳት ቍልቍለት መውረድ፥ እንስራ ተሸክሞም ዳገት መውጣት ግድ ነበረ። ገበያውም፥ ቤተ ክርስቲያኑም፥ የፍርድ አደባባዩም የሚደረሰው በእግር ነው። አርባ አራት ታቦት ባላት ከተማ፥ በዓል በመጣ ቍጥር የሚወጣውና የሚወረደው መንገድ ስንት እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ከከተማው ውጭ ያለው መንገድ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነበረ። ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1769 ከምፅዋ ተነሥቶ፥ የላማሊሞን ዳገት አልፎ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 ነው። ይህም ሦስት ወር ያህል መሆኑ ነው። የአገሩ ነጋዴና መልእክተኛ ግን ይህንኑ መንገድ እንደ ተራ ነገር ይመላለስበት ነበር። መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ፥ ስንቁን በትከሻው አንግቶ፥ ሲመቸው እየሮጠ ሲከብደው እየተራመደ፥ የጌታውን ቃል ካገር አገር ያደርሳል። ዘመናዊው ፖስታ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ቢሆን፥ ለረጅም ጊዜ ደብዳቤ ያደርስ የነበረው የሰውና የበቅሎ እግር ነበረ። የዛሬው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ባንድ ጣት ነክቶ የሚልከው ወረቀት፥ በዚያ ዘመን የአንድን ሰው የብዙ ቀን ላብ ያስከፍል ነበር።

ጨዋታውም ቢሆን የመቀመጥ ጨዋታ አልነበረም። በገና በዓል ሜዳው ላይ ሩሯን የሚያሯሩጠው ሕፃኑም ጐልማሳውም ነው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቈጣም መባሉ፥ በዚያች ቀን አሽከርና ጌታ ባንድ ሜዳ ላይ እኩል ይሮጡ ስለ ነበረ ነው። ጕግሱም ፈረሱን ብቻ ሳይሆን ፈረሰኛውንም የሚፈትን የኀይል ጨዋታ ነበረ።

ይሁን እንጂ፥ ታሪክ ስናወራ እውነቱን አለመሸፋፈን ይገባናል። አባቶቻችን ሁሉ እግረኞች አልነበሩም። ሹመት ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚተወው ነገር በእግር መሄድን ነበረ። መኰንኑ በበቅሎ ተቀምጦ፥ አሽከሮቹ ከፊትና ከኋላ ካልተከተሉት በቀር ከደጁ አይወጣም። ዕቃ መሸከም ነውር፥ ብቻን በእግር መታየት ውርደት ነበረ። በኋላ ዘመን በቅሎዋ በመኪና ተተካች፤ ልማዱ ግን አልተለወጠም። ከእኛ መካከል ግማሽ ኪሎ ሜትር ለማትርቅ መንገድ ታክሲ የሚጠብቅ ቢኖር፥ ስንፍና ብቻ አይምሰለው፤ የድሮዋ በቅሎ ገና ከልባችን ስላልወረደች ነው።

ይህን ልማድ በገሃድ የጣሰ ንጉሥ ግን ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በስሜን በምትገኘው በደረስጌ ማርያም ነው። በዘመናቸው መጨረሻ፥ በ1860 ዓ.ም.፥ ሴባስቶፖል የተባለውን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፥ መንገዱ በየገደሉ እየተቈረጠ የሚሠራው በሠራዊቱ እጅ ነበረ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት በፈጀው በዚያ ጕዞ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ፥ አፈር ይቈፍሩ እንደ ነበረ በዚያን ጊዜ በእጃቸው የነበሩት አውሮፓውያን ጽፈዋል። የዘመቻው ፍጻሜ አሳዛኝ ነው፤ ያ ድካም በምን ያህል ሰው ሥቃይ እንደ ተፈጸመም አንዘነጋም። ነገር ግን ባለዘውድ ራስ በላብ ቢረጥብ ክብሩ እንደማይቀንስ ያሳየው ይኸው ሥራ ነው።

ደረስጌን ካነሣን ዘንድ ከስሜን ሳንወጣ አንድ የሳይንስ ነገር ልጨምር። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቻቸው በስሜን ተራሮች፥ አምባራስ በተባለው አካባቢ፥ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። እንዲህ ባለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው በቀይ ሕዋስ ይበዛል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ብሎ ይገኛል። የስሜን ሰዎች ግን ከሁለቱም ተለይተው ተገኙ። ደማቸው በቆላ እንደሚኖር ሰው ደም መጠነኛ ሆኖ ሳለ፥ የሚይዘው ኦክስጅን 95 በመቶ ያህል ነበረ። ይህ ለደጋ ሰው የተሰጠ ታላቅ የተፈጥሮ ስጦታ ነው።

ታዲያ ስጦታ ብቻውን በቂ ነውን? አይደለም። ባለቤቴ የደባርቅ ልጅ ናት፤ አያት ቅድመ አያቶቿም የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ዳሩ ግን ዐሥር ዓመት በቢሮ ወንበር ከተቀመጠች በኋላ፥ በቍስቋም ዳገት ላይ እርሷም ሁለት ጊዜ ዐርፋለች። ትንፋሽ ከእናት ይወረስ ይሆናል፤ በየቀኑ ካልሠሩበት ግን እንደማናቸውም ርስት ጠፍ ይሆናል።

ወንበሩ ወደ ጎንደር በብዛት የገባው ከመኪናው መንገድ ጋር ነው። ኢጣልያኖች ጎንደርን የያዙት መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፥ በመጨረሻ የተሸነፉባትም በዚያችው ከተማ፥ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ የግፍ ዓመታት በደባርቅና በላማሊሞ ገደል በኩል ወደ አስመራ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሠሩ። ብሩስ በብዙ ቀን የወጣውን ዳገት መኪና በሰዓታት ይወጣው ጀመር። ከነጻነት በኋላ መንገዱ ለአገር ጥቅም ዋለ፤ ነጋዴውንም፥ በሽተኛውንም፥ ተማሪውንም አገለገለ። መኪናን የሚጠላ ሰው የለም፤ እኔም አልጠላም። ነገር ግን እግርን ከጭነት ሲያሳርፍ ከኀይሉም ጭምር ያሳርፈዋል።

በበቅሎና በመኪና መካከል ደግሞ ሌላ መጓጓዣ አለ፤ እርሱም ብስክሌት ነው። የዛሬው ዓይነት፥ ሁለት እኩል ጐማና ሰንሰለት ያለው ብስክሌት በእንግሊዝ አገር በጆን ስታርሊ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። በነፋስ የሚነፋው የደንሎፕ ጐማም ከሦስት ዓመት በኋላ ተከተለው። ሰው በእግሩ ሲራመድ በሚያወጣው ኀይል፥ በለጥ ባለ መንገድ ላይ በብስክሌት ሦስት እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ነዳጅ አይፈልግም፤ ገፈራም አይበላም። ብስክሌት በኢጣልያኖች ዘመን በአስመራ ተስፋፋ፤ በኋላም በየከተማው ገባ። በእኛ ዘንድ ግን የተላላኪና የጐረምሳ ዕቃ ሆኖ ስለ ተቈጠረ፥ ባለማዕርግ ሰው ሊቀመጥበት አፈረ። እዚህም ላይ የበቅሎዋን ጥላ ታያላችሁ።

ሆኖም ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ አደባባይ የታየችው በምን እንደ ሆነ ታስታውሳላችሁን? በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ የተሰለፉት ልጆቿ የተወዳደሩት በሁለት ነገር ብቻ ነበረ፤ በሩጫና በብስክሌት። ከሯጮቹ አንዱ ማሞ ወልዴ፥ ከብስክሌተኞቹም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበሩ። ሜዳልያ አላገኙም። ነገር ግን መንገዱን ከፈቱ። ማሞ ወልዴ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፥ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፥ በሜክሲኮ ከተማ የማራቶን አሸናፊ ሆነ። የብስክሌቱ ጕዞ ዘገየ፤ ቢሆንም በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን በቃ።

በሜልቦርንና በሜክሲኮ መካከል ያለውን የአበበ ቢቂላን ታሪክ የማያውቅ አድማጭ የለኝም፤ ስለዚህ ሁሉን አልደግመውም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮማ ጐዳና በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ድል አደረገ። ይህን ቍጥር ወደ ጎንደር አምጥተን እንመዝነው። የፋሲል ግቢ የአጥሩ ግንብ ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ስለ ሆነ፥ አበበ በዚያች ሌሊት የሮጠው የፋሲልን ግንብ አርባ ሰባት ጊዜ ያህል መዞር ማለት ነው። አንዱን ዙር ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እየጨረሰ! ጎንደር ሄዳችሁ ያን አጥር አንድ ጊዜ በፈጣን እርምጃ የዞራችሁ እንደ ሆነ፥ የሰውየውን ታላቅነት ከመጽሐፍ ይልቅ በጕልበታችሁ ትረዱታላችሁ።

ስለ አበበ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገር ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፥ እርሱም እንደ እኛ ደመወዝተኛ መሆኑ ነው። የክብር ዘበኛ ወታደር፥ ባለትዳር፥ የአራት ልጆች አባት ነበረ። ሁለተኛው፥ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ከሽፈው ሳለ፥ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በእንግሊዝ አገር በቀስት ውድድር መሰለፉ ነው። ወንበር በግድ የተሰጠው ሰው በእጁ ተወዳደረ፤ እኛ ግን እግር ተሰጥቶን ወንበር እንመርጣለን።

እንግዲህ ይህ የሯጮች ኀይል ከየት እንደሚመነጭ የጠየቁ ምሁራን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት፥ የኢትዮጵያ ታላላቅ ሯጮችን ካልሮጡ ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጽሯል። ከተገኙት ልዩነቶች አንዱ፥ ከሯጮቹ መካከል በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ ይሄዱ የነበሩት ብዛት ከሌሎቹ እጅግ መብለጡ ነው። ከእነዚህ አንዱ ኀይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። በአርሲ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ዐሥር ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበርና፥ ደብተር ይዞበት የነበረው ግራ እጁ ዓለምን ሲያሸንፍም እንደ ታጠፈ ቀረ። ልብ በሉ፤ እናትና አባቱ ወደ ስፖርት ሜዳ አልላኩትም፤ ወደ ትምህርት ላኩት እንጂ። ሩጫው የቤተ ሰቡ የዕለት ኑሮ አካል ነበረ። ይኸው ሰው በኅዳር 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረውን የታላቁን ሩጫ ውድድር ሲያቋቁም፥ ዐሥር ሺህ የሚሆን ተራ ሰው፥ አባትም እናትም፥ ዐሥር ኪሎ ሜትር በጐዳና ላይ ሮጠ።

ምናልባት ከእናንተ መካከል፥ «እኛ ሜዳልያ አንሻም፤ ሩጫ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለእርሱ የሚሆን መልስ ከለንደን ከተማ የመጣ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባሉት ሐኪም በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የአውቶቡስ ሠራተኞችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1953 አስታወቁ። በዚያ አገር ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ፥ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቈራጩ ደግሞ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የሁለቱም መሥሪያ ቤት አንድ ነው፤ የልብ ሕመም ግን ሾፌሮቹን ከትኬት ቈራጮቹ ይልቅ ያጠቃ ነበር። ሐኪሙ ነገሩን ለማረጋገጥ ወደ ፖስታ ቤት ሄዱ። እዚያም ደብዳቤ በእግርና በብስክሌት የሚያድሉት ሠራተኞች፥ በጠረጴዛ ዙሪያ ከሚውሉት ባልደረቦቻቸው ይልቅ ከልብ ሕመም የተጠበቁ ሆነው ተገኙ። አድማጮቼ፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚውለው ሰው እኔና እናንተ ነን። ሐኪሙ ራሳቸው የጻፉትን በሥራ አዋሉት፤ አዘውትረው ይሮጡ ነበርና 99 ዓመት ኖረው እ.ኤ.አ. በ2009 ዐረፉ።

የእኛም አገር የጤና ታሪክ በጎንደር ያለፈ ነው። በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1953 ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይኸው ትምህርት ቤት፥ የጤና መኰንኖችንና ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር አሰማራ። በዚያን ጊዜ ጠላቱ ወባ፥ ተስቦና ፈንጣጣ ነበረ። ፈንጣጣ ጠፍቷል፤ ሌሎቹ ግን ገና አልለቀቁንም፤ በላዩ ላይ ደግሞ የደም ግፊት፥ የስኳርና የልብ በሽታ ተጨምሮብናል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር፥ ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፥ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ ይበቃዋል ብሏል። ለልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ያስፈልጋቸዋል። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። ይህንንም ባንድ ጊዜ መፈጸም ግዴታ አይደለም፤ እየተከፋፈለ ቢደረግም ይቈጠራል።

አሁን ወደ ቤቴ ልመልሳችሁ፤ ዋናው ችግር ያለው እዚያ ነውና። ከጎንደር እንደ ተመለስን እኔ በጋለ መንፈስ ሩጫ ጀመርሁ። ጧት በ11 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ እወጣለሁ፤ በ12 ሰዓት ተኩል በላብ ተጠምቄ እመለሳለሁ። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ሰውነቴ ቀለል አለኝ፤ ኵራትም ተሰማኝ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጧት ስገባ፥ ባለቤቴ ልጆቹን አልብሳ፥ ቍርስ አብልታ፥ ምሳቸውን በምሳ ዕቃ ቋጥራ፥ የራሷን ጠጕር እንኳ ሳታበጥር ወደ ሥራዋ ልትወጣ ስትጣደፍ አገኘኋት። እርሷም እንደ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ቀና ብላ አየችኝና፥ «አንተ ጤናህን እየጠበቅህ ነው፤ የእኔን ማን ይጠብቅልኝ?» አለችኝ።

የአማቴ ጥያቄ አንድ ጊዜ ዝም አሰኝቶኝ ነበር፤ የልጃቸው ጥያቄ ሁለተኛ ዝም አሰኘኝ። የእኔ አንድ ሰዓት ከሰማይ የወረደች መስላኝ ኖሮ፥ ከእርሷ ጧት ተቈርሳ የተሰጠችኝ ነበረች። እኔ እኮ በበቅሎ የተቀመጥሁ፥ እርሷን አሽከር ያደረግሁ የድሮ መኰንን ሆኜ ነበር፤ ልዩነቱ በቅሎዬ የሩጫ ጫማ መሆኑ ብቻ ነው።

በዚያው ምሽት ተነጋግረን ቤታችንን እንደ አዲስ ደለደልነው። ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ፤ በታክሲ ሳይሆን በእግር፥ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል። ታናሹ ሲሮጥ እኔም እከተለዋለሁ፤ ታላቂቱ ስትናገር እሰማታለሁ። በታክሲ ውስጥ ያልሰማሁትን ብዙ ነገር በዚያ መንገድ ሰምቻለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ጧት ባለቤቴ ትወጣለች፤ ቍርሱን እኔ አቀርባለሁ። መጀመሪያ ላይ ገንፎው እያረረ ልጆቹ ቢያጕረመርሙም፥ አሁን ለምደውታል፤ እኔም ለምጄዋለሁ። ቀጥሎም ያገለገለ ብስክሌት ገዛን። ቅዳሜ ወደ ገበያ የምሄደው በእርሱ ነው፤ ሽንኵርቱና ድንቹ ከኋላ ታስሮ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጆቹ ይማሩበታል።

ብስክሌቱን ወደ መሥሪያ ቤት ይዤው የሄድሁበትን የመጀመሪያ ቀን አልረሳውም። የበሩ ዘበኛ በአዘኔታ ዐይን አይተውኝ፥ «ጌታዬ፥ ምነው፥ ችግር ገጠመዎት እንዴ?» አሉኝ። ነገሩ ባያሳቅቀኝ ኖሮ ባሳቀኝ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለት ወር ሳይሞላ ሁለት የሥራ ጓደኞቼ ብስክሌታቸውን ከእኔ አጠገብ አሰሩ። በቅሎዋ ከልብ የምትወርደው እንዲህ ቀስ በቀስ ነው።

እርግጥ ነው፤ ከተማ ሁሉ አንድ አይደለም። በጣና ዳር በለጥ ያለ ሜዳ ላይ የተቈረቈረችው ባሕር ዳር በብስክሌቷ የታወቀች ናት፤ ወንዱም ሴቱም ይነዳባታል። ጎንደር ግን ዳገትና ቍልቍለት ስለ ሆነች ለብስክሌት ትከብዳለች፤ ለእርሷ የሚስማማት እግር ነው። መኪና የሚበዛበት መንገድም ለልጅ ያሰጋል። በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው በሚል ስም፥ አንዳንድ ጐዳናዎች በእሑድ ቀን ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ፥ ለሯጭና ለብስክሌተኛ ተለቀው ነበር። በዚያን ዕለት ሕፃናት በአስፋልቱ ላይ ሲሯሯጡ ያየ ሰው፥ ጐዳና ለመኪና ብቻ እንዳልተፈጠረ ተረድቷል። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ እንግዲህ አገሩንና ሰፈሩን አይቶ፥ የሚስማማውን ይምረጥ።

በመጨረሻ የአማቴን ነገር ልጨርስ። በቅርቡ በስልክ ስናወራ ሁሉን ነገርኋቸው፤ ሩጫውን፥ ብስክሌቱን፥ ያረረውንም ገንፎ ጭምር። ስቀው ስቀው፥ «እኔስ በልጅነቴ እንስራ አዝዬ የወጣሁትን ዳገት ወድጄው መሰለህ? የሚቀዳ ውሃ በደጄ ቢኖር ኖሮ ደስታውን አልችለውም ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእናቶቻችን ጕልበት የተሠራው በምርጫ አልነበረም፤ ብዙዎቹንም ያ ሸክም ያለ ዕድሜያቸው አስረጅቷቸዋል። ስለዚህ ወደ እንስራውና ወደ ወፍጮው ድንጋይ እንመለስ የሚል ሰው ታሪክን አላነበበም። ቧንቧው ይግባ፥ መኪናውም ይሂድ። ነገር ግን እነርሱ በግድ ያገኙትን ጤና እኛ በፈቃዳችን እንድናገኘው፥ ሸክሙንም ባልና ሚስት እኩል እንድንካፈለው ዘመን ፈቅዶልናል።

ፈቃድ አግኝታችሁ ጎንደር የሄዳችሁ እንደ ሆነ፥ የፋሲልን ግቢ ከውስጥ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ቤተ ሰባችሁን ይዛችሁ የአጥሩን ግንብ በእግራችሁ አንድ ጊዜ ዙሩት። ልጆቹ ይቅደሙ፤ ከእናንተ አንዱ ሮጦ ይከተላቸው፥ ሌላውም አረጋውያኑን ደግፎ በቀስታ ይምጣ። በሁለተኛው ዙር ደግሞ ተለዋወጡ። እኔም በሚቀጥለው ፈቃዴ የቍስቋምን ዳገት ሳላርፍ ለመውጣት ከአማቴ ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ። ድንጋዩ ላይ እንዳልቀመጥ ጸልዩልኝ።